ቁልቁል የቆመች መኪና

ጋሽ ቀስታን ሰኞ ማለዳ የገደለቻቸው የገዛ መኪናቸው ናት። ሹፌር አልነበረባትም፣ ቁልፍ አልገባባትም፣ በሮቿም እንደተቆለፉ ነበሩ። ድንገት አንዴ አጓርታ ወደፊት ዘለለችና ከግቢው የኋላ ግንብ ጋር አጣበቀቻቸው። ሚስታቸውና ልጃቸው ከማድ ቤት ሮጠው ሲደርሱ ሞተሩ ጠፍቷል። እሳቸው የፊት መብራት የሚወለውሉበትን እርጥብ ጨርቅ እንደጨበጡ ነበሩ። ለሐኪም የተረፈ ሥራ አልነበረም።

ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን መኪና መንዳት ያስተማሩ ናቸው። «ቀስታ፣ ቀስታ አልኩ እኮ» ሲሉ ኖረው፣ እውነተኛ ስማቸውን የሚያስታውስ ተማሪ እስኪጠፋ ድረስ ቀስታ ሆነው ቀሩ። የማሠልጠኛው ቢሮ እዚያው ግቢያቸው ውስጥ ነው፤ መስኮቱ መኪናዋ ወደምትቆምበት ያያል።

አንዲት ልጃቸው ፋርማሲስት ናት። በልጅነቷ ከአባቷ ጎን እየተቀመጠች፣ ለአስተማሪ የተሠራውን ሁለተኛውን ፍሬን ያለ ምክንያት እየረገጠች የስንቱን ተማሪ ልብ ስላወለቀች «ፍሬን» የሚል ስም ወጣላት። መንዳት ግን አትችልም። አባቷ የሰው ልጅ ሲያስተምሩ መልአክ፣ የራሳቸውን ሲያስተምሩ እሳት ይሆኑ ነበርና በሁለተኛው ቀን ተኳርፈው ትምህርቱ እዚያው ላይ ቀረ።

በዕለቱ፣ ገና ለቅሶተኛው ተሰብስቦ ሳያበቃ፣ ጥፋተኛው ተገኘ። ፍሬንን በአንድ ቀን ሁለቴ የገደላትም ይኸው ነው። ጥፋተኛ የተባለው ልታገባው ጥቂት ሳምንት የቀራት ሰው ነበር።

ነገሩ የጀመረው ሌባ የመኪናዋን መስኮት ሰብሮ ቴፑን ነቅሎ በሄደ ጊዜ ነው። ጋሽ ቀስታ አላርም ይገጠምልኝ አሉ። የፍሬን እጮኛ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ስለሆነ የመረጠላቸው እሱ ነው፤ ተራውን ይያዙ አላቸው። በርና ኮፈን ሲከፈት የሚያውቅ፣ አካሏ ሲመታ ንዝረቱን የሚሰማ ሴንሰር፣ አንድ ሳይረን፣ ሁለት ሪሞት። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ለወሬ ነው አለ። ዕቃውን ገዝቶ ያመጣው ግን ስፖኪዮ ነበር።

ስፖኪዮ የጋሽ ቀስታ የሥራ ሸሪክ ነው። በመኪና መስታወት ፀጉሩን ሳያበጥር የማያልፍ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ ፍሬን «አጎቴ» እያለች ትከሻው ላይ ያደገች፣ ለሠርጓም ከአባቷ እኩል ሽር ጉድ ሲል የከረመ ሰው። ያመጣው አላርም ከተባለው አንድ ነገር ይበልጥ ነበር፤ በሪሞት ከሩቅ ሞተር ያስነሳል።

ኤሌክትሪሺያኑ ማስነሻውን አልገጥምም አለ። ጋሽ ቀስታ መኪና ያለ ማርሽ አቁመው አያውቁም፤ የእጅ ፍሬን አላምንም ባይ ናቸው። እጮኛዋ ዳሽቦርዱ ሥር ተጋድሞ፣ ፍሬን በባትሪ እያበራችለት፣ የማስነሻዎቹን ሽቦዎች ጫፍ ለየብቻ ሸፈነና ጠቅልሎ አሰራቸው። ስፖኪዮ በመስኮት አንገቱን አስግጎ ለምን እንደተዋቸው ጠየቀ።

«ይቺ በእጅ ማርሽ የምትነዳ ናት» አለ ኤሌክትሪሺያኑ ከሥር። «ማርሽ ውስጥ ገብታ ቆማ ሪሞቱ ከተነካ ትዘላለች፤ ፊቷ ያለውን አትመርጥም።» ሰው ሲጠይቀው ደስ ይለዋልና የትኛው ሽቦ ከየት እንደሚቀጠልም ጭምር አንድ በአንድ አስረዳው።

እንግዲህ ሰኞ ዕለት የትራፊክ ፖሊስ ባለሙያ ዳሽቦርዱን ሲከፍት እነዚያ ሽቦዎች ተቀጥለው ተገኙ። የጋሽ ቀስታ ሪሞት ከሱሪ ኪሳቸው ወጣ። መብራት ሊወለውሉ ሲያጎነብሱ የሪሞቱ ቁልፍ ኪሳቸው ውስጥ ተጭኖ ነው ተባለ። ስፖኪዮ እያለቀሰ ቃሉን ሰጠ፤ ሞተር ማሞቅ ይቅለለኝ ብለው ጋሽ ቀስታ ኤሌክትሪሺያኑን እንደለመኑት፣ ልጁም ቅዳሜ መጥቶ ሲቀጥለው በዓይኑ እንዳየ ተናገረ። የግንብ ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋም ቅዳሜ ልጁን ዳሽቦርድ ሥር አይታዋለች። ልጁ ቅዳሜ መምጣቱን አልካደም፤ የመጣሁት ሴንሰሩ ለድመትም ለነፋስም እየጮኸ ስላስቸገረ ላበርደው ነው አለ።

ፍሬንን ያንገበገባት ቅዳሜ መምጣቱን ለእሷ አለመንገሩ ነው። እሁድ ቀኑን ሙሉ እሱ ቤት ሲጫወቱ ውለው እንኳ አላነሳውም። የደበቀው ነገር ባይኖር ኖሮ ይነግረኝ ነበር አለች። ቀለበቷን አወለቀችና ካቴና በገባበት እጁ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው። «አባቴን ገደልክብኝ» አለችው፣ ለቅሶተኛው ሁሉ እየሰማ። አፉን ሊከፍት ሲል ጀርባዋን ሰጠችው። ጣቢያ ሄዳም የአጎቷን ቃል የሚያጠናክር ቃል ሰጠች፤ አባቴ ከለመነው እምቢ አይለውም፣ ይሉኝታ ያጠቃዋል ብላ ፈረመች።

ሐሙስ ዕለት መርማሪዋ መጣች። አጭር፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ስትራመድ ጫማዋ የማይሰማ ሴት ናት። ቤተሰቡ ያውቃታል። የጋሽ ቀስታ ተማሪ ሳለች ሁለቴ ወድቃ በሦስተኛው ስላለፈች በሌለችበት «ሦስቴ» ነበር የምትባለው። ጉዳዩን ለምና እንደወሰደችው ለፍሬን ነገረቻት፤ ለምን እንደሆነ ግን አላለችም።

በመጀመሪያ ማንንም አላነጋገረችም። ከውጭው በር አጠገብ ቆማ እስክሪብቶዋን መሬት ላይ አኖረችው። እስክሪብቶው ተንከባለለና መኪናዋ ሥር ገብቶ ግንቡ ጋ ደረሰ። ጎንበስ ብላ አነሳችው፣ አፈሩን በቀሚሷ ጠረገችው። ከዚያ አብሯት የመጣውን የትራፊክ ፖሊስ ጠራችው።

«ሪፖርትህ ማርሽ ውስጥ ነበረች ይላል። የትኛው ማርሽ ውስጥ?»

«አንደኛ ነው። በሩን በሟቹ ሪሞት ከፍቼ ያየሁት ራሴ ነኝ።»

ቀጥላ መኪናዋን አስቆለፈችና መስታወቱን በጥፍሯ ቆረቆረች። ዝም። በመዳፏ መታ አደረገች። ዝም። በቡጢ ስትደልቃት ሳይረኑ ግቢውን በጩኸት ሞላው፤ ልብስ ሰፊዋ ከግንቡ ማዶ ብቅ ብላ እርግማን ጀምራ፣ ፖሊስ ስታይ ምላሷን ነከሰች።

መርማሪዋ ግንቡን ተደግፋ ከእሷ ጋር ወሬ ያዘች። ልብስ ሰፊዋ ደግሞ ጠያቂ ያጣች እንጂ ወሬ ያጣች አይደለችም። ያ ጩኸታም ነገር ከተገጠመ ወዲህ እንቅልፍ እንዳልነበራት፣ ጋሽ ቀስታን እንደተጣላቻቸው፣ ቅዳሜ ልጁ መጥቶ ከነካካው በኋላ ግን ተመስገን ዝም እንዳለላት አወራች። ሰኞ ማለዳ ደጇን ስትጠርግ የሰማችውንም ጨመረች።

«መኪናዋ ጢው ጢው አለች፤ ስትከፈት እንደዚያ ናት። ትንሽ ቆይታ ደግሞ አንዴ ጢው፤ ተቆለፈች ማለት ነው። ወዲያው ጋሽ ቀስታ ሲያስሉ ሰማሁ፣ ከቤት ገና መውጣታቸው ነበር።»

«ከመሳላቸው በፊት ነው ጢው ያለችው? እርግጠኛ ነሽ?»

«በፊት ነው እንጂ። ሲጠባ የሚያስሉትን ሳል ሰፈሩ ሁሉ ሰዓት ይሞላበታል እኮ።»

እናትየው አልጋ ላይ ናቸው። መርማሪዋ ከፍሬን ጋር ገብታ፣ ጫማዋን አውልቃ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፣ እጃቸውንም ያዘች። ሰኞ ማለዳ ባለቤታቸው ከእሳቸውና ከልጃቸው ጋር ማድ ቤት ሻይ ጠጥተው፣ አስለው፣ ጨርቃቸውን ነክረው እንደወጡ ነገሯት። ስፖኪዮ ከውጭ በኩል ሮጦ የመጣው ከጩኸታቸው በኋላ ነው። መኪናዋን ቅዳሜ ማታ ያቆሟት ራሳቸው ባለቤታቸው ናቸው፤ እሁድ አልተነቃነቀችም፣ ለሠርጉ ጉዳይ አማቾቻቸው ቤት የሄዱት በልጁ መኪና ነው።

«እሁድ ጋሽ ስፖኪዮ አብሯችሁ ነበር?»

«ሆዴን አመመኝ ብሎ ቀረ እንጂ መቼ ይቀር ነበር።»

«የግቢው ቁልፍ አለው?»

«ቢሮ የሚከፍተው እሱ አይደል? ኧረ ለእሱ የማይከፈት ምን አለን?»

ሁለተኛው ሪሞት ቢሮ ውስጥ ሚስማር ላይ እንደሚንጠለጠልም ነገሯት። በመጨረሻ መርማሪዋ ጋሽ ቀስታ ማክሰኞ የት ሊሄዱ እንደነበር ጠየቀች። ጥርስ ሐኪም ዘንድ ነበር ያለኝ አሉ። መርማሪዋ አንገቷን ነቀነቀች። ፍሬን ግን ገረማት፤ አባቷ የሚያመው ጥርስ አልነበረውም።

ስፖኪዮ ቢሮው ውስጥ ፀጉሩን ሳያበጥር ተቀምጦ ነበር። ፍሬንን ሲያይ እንባው መጣ፣ እሷም አንጀቷን በላት። መርማሪዋ ብዙ አላስቸገረችውም። ሰኞ ዘግይቶ እንደደረሰ፣ መኪናዋን በእጁ እንዳልነካ አረጋገጠችና ስለ ሟቹ ልማድ አነሳች።

«ማርሽ ውስጥ ሳያስገባ አያቆምም ነበር። ያ ነው የጨረሰው» አለ ስፖኪዮ።

«የትኛው ማርሽ ውስጥ ነበር የሚያስገቡት?»

«አንደኛ ነዋ። ሁልጊዜ አንደኛ። ስንቴ ተው አልኩት መሰለሽ።»

«እርስዎ ሲያስተምሩ ዳገትና ቁልቁለት ላይ ማቆም ያሳያሉ?»

«ሜዳው ይበቃል። ፈተናውም ሜዳ ላይ ነው» ብሎ በእንባው መሃል ፈገግ አለ።

ሲወጡ ፍሬን ያንን ሰው ማድከም ምን ይጠቅማል ብላ ተቆጣች፤ አባቷን የገደለው ታስሯል፣ ምን ትፈልጊያለሽ አለቻት። መርማሪዋ መነጽሯን ጠረገች።

«ዳሽቦርዱ ሥር ሲሠራ መብራት ይዘሽለት ነበር። ሽቦዎቹን ምን አደረጋቸው?»

«ሸፍኖ አሰራቸው።»

«ቃልሽን ስትሰጪ ይህን ተናግረሻል?»

«ማንም አልጠየቀኝም።»

መርማሪዋ ከዚያ ወዲያ አልነካቻትም። ፍሬን ግን ያን ቀን እራት አልበላችም። የመብራቱን ነገር ጣቢያ ሳለች ረስታው አይደለም፤ ትዝ ብሏት ነበር፣ አጎቷን ውሸታም ማድረግ ስላልፈለገች ዋጠችው።

ቅዳሜ ሁሉም ቢሮው ውስጥ ተሰበሰቡ። እናትየው ወንበር ላይ፣ ልብስ ሰፊዋ በሩ ሥር፣ ስፖኪዮ ከጠረጴዛው ኋላ፣ ኤሌክትሪሺያኑ በሁለት ፖሊሶች መሃል። ጺሙ አድጓል። ፍሬንን አላያትም፤ እሷም የምታይበት ዓይን አልነበራትም። መርማሪዋ መስኮቱ አጠገብ ቆመች።

«መንጃ ፈቃዴን ለማግኘት ሁለቴ ወድቄያለሁ» አለች። «ሁለቴም የጣሉኝ ጋሽ ቀስታ ናቸው። ለመንግሥት ፈተና ሳያቀርቡኝ፣ እዚሁ ግቢ ውስጥ። ለምን እንደጣሉኝ ጋሽ ስፖኪዮ ያስታውሱ ይሆን?»

«የድሮ ነገር ነው፣ ከየት አስታውሳለሁ?»

«መኪና አቁሜ ስወርድ። አፍንጫዋ ወደ ዳገት ከሆነ አንደኛ ማርሽ፣ ወደ ቁልቁል ከሆነ የኋላ ማርሽ ነው የሚገባው፤ ብትንሸራተት ማርሹ ወደ ላይ እንዲይዛት። እኔ ቁልቁል አቁሜ አንደኛ አስገባሁ። ከዚያች ጥፋት በኋላ አንድ ወር አላነጋገሩኝም።»

እናትየው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ለማለት ቃጣቸው።

«ግቢው ወደ ግንቡ ያዘቀዝቃል» አለች መርማሪዋ። «መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ግንቡ ነው የምታቆመው። ስለዚህ ጋሽ ቀስታ ቅዳሜ ማታ ያስገቡት የኋላ ማርሽ ነው። በኋላ ማርሽ ላይ እያለች ሪሞት ቢነካ ወዴት ትዘል ነበር?»

«ወደ ውጭው በር» አለ ኤሌክትሪሺያኑ ቀስ ብሎ። «ወደ እሳቸው ሳይሆን ከእሳቸው ርቃ።»

«እኛ ግን አንደኛ ላይ አገኘናት። እንግዲህ ከቅዳሜ ማታ በኋላ አንድ ሰው ገብቶ ማርሹን ለውጧል። በስህተት ማርሽ የሚለውጥ ሰው የለም። ይህ አደጋ አይደለም፤ ግድያ ነው።»

መርማሪዋ ቀጠለች። የተቆለፈችን መኪና ሳይረኑ ሳይጮህ መክፈት የሚችለው ከሁለቱ ሪሞቶች አንዱን የያዘ ብቻ ነው። አንዱ ጋሽ ቀስታ ኪስ ውስጥ ነበር። ልብስ ሰፊዋ የመክፈቻውንም የመቆለፊያውንም ድምፅ የሰማችው ደግሞ እሳቸው ገና ከማድ ቤት ሳይወጡ፣ ከሚስታቸውና ከልጃቸው ጋር ሳሉ ነው። ስለዚህ የሠራው ሁለተኛው፣ እዚህ ሚስማር ላይ የነበረው ነው።

«ልጁስ?» አለ ስፖኪዮ። «ቅዳሜ መጥቶ ሲቀጥል አይቼዋለሁ።»

«ልጁ ቅዳሜ የመጣው እንዳለው ሴንሰሩን ሊያበርድ ነው። ሰምታችኋል፤ በቡጢ ካልተደለቀች አትጮህም። ለፍሬን ለምን እንዳልነገራትም ጣቢያ ጠይቄዋለሁ። ጎረቤት ስለተጣላቻቸው አባቷ አፍረው፣ ለፍሬን እንዳትነግራት፣ ትስቅብኛለች ስላሉት ነው። ሽቦዎቹ የተቀጠሉት እሁድ ነው፤ ቤተሰቡ በሙሉ ልጁ ቤት በነበረበት፣ ሆዱን የታመመ አንድ ሰው ብቻ የግቢውን ቁልፍ ይዞ በቀረበት ቀን። ሰኞ ደግሞ ያ ሰው ማልዶ ገባ፣ ማርሹን ለወጠ፣ ቆልፎ እዚህ መስኮት ላይ ቆመ። ጋሽ ቀስታ ጨርቃቸውን ይዘው ግንቡና መኪናዋ መሃል እስኪገቡ ጠበቀ። ከዚያ በቢሮው የኋላ በር ወደ መንገድ ወጥቶ በውጭው በር እየሮጠ መጣ።»

«አንደኛ ማርሽ ማለቴን ይዘሽ ነው? መኪናዋ ወደፊት ከሄደች አንደኛ መሆኑን ሕፃንም ያውቃል።»

«ያውቃል። አንደኛ ነበረች ብቻ ቢሉኝ ኖሮ ዝም እል ነበር። እርስዎ ግን ሁልጊዜ አንደኛ አሉኝ። አብረዋቸው ኖረው፣ በዚህ ግቢ ውስጥ ሁልጊዜ የኋላ መሆኑን ከእርስዎ የበለጠ የሚያውቅ የለም። በዚያ ላይ የዋሸ ሰው የሚደብቀው አለው።»

«ለምን?» አሉ እናትየው። መልሱን የሰጠችው መርማሪዋ ናት። መንዳት ሳይችል ስፖኪዮ «ችሏል» ብሎ በትውውቅ ያሳለፈው ተማሪ መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ገድሏል። ጋሽ ቀስታ ማክሰኞ ሊሄዱ የነበረው ጥርስ ሐኪም ሳይሆን እሷ ቢሮ ነበር። ስልክ ደውለው፣ እውነቱን እነግርሻለሁ፣ ብቻዬን ግን አልመጣም፣ የሚመለከተውን ይዤው እመጣለሁ ብለዋት ነበር።

ስፖኪዮ ለመካድ አፉን ከፈተ። ዓይኑ እናትየው ላይ ሲያርፍ ትከሻው ወደቀ።

«አብረን እንሂድ አለኝ» አለ። «በአንድ ሳህን በልተን፣ በአንድ መኪና ሠርተን፣ እጄን ይዞ ወደ እስር ቤት ሊወስደኝ። ወንድሜ ያልኩት ሰው ከዳኝ።»

«አልከዳህም» አሉ እናትየው። ድምፃቸው ከፍ አላለም። «ሊከዳህ ቢፈልግ ኖሮ ለምን ይነግርህ ነበር? ብቻውን አይሄድም ነበር? እኔ እንኳ እንዳላውቅብህ ጥርሴን አሞኛል አለኝ እኮ። ባሌን የገደልከው ስምህን ጠብቆልህ ሳለ ነው።»

ፖሊሶቹ ካቴናውን ከኤሌክትሪሺያኑ እጅ ፈትተው ወደ ስፖኪዮ አዞሩት። በፍሬን በኩል ሲያልፍ «ልጄ» ሊል ሞከረ። እሷ ወደ ግድግዳው ዞረች። ትከሻው ላይ ያደገች ሰው ነበረች፤ አሁን እሱ የነካው አካሏ ሁሉ አስጠላት።

ሰዉ ሲበተን ኤሌክትሪሺያኑ ግቢው ውስጥ ቀረ። የጫማ ክሩን ጣቢያ ወስደውበት ስለነበር እግሩን እየጎተተ ነው የሚሄደው። ፍሬን ቀረበችው። የምትለውን ስታዘጋጅ አልተኛችም ነበር፤ አፏ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው።

«መብራት ይዤልህ ነበር» አለች። «እንዳልቀጠልከው አይቻለሁ። እያወቅኩ ነው የፈረምኩት።»

«አውቃለሁ» አለ። «ቃልሽን አንብበውልኛል።»

«ምን አልክ ስትሰማው?»

«ስፖኪዮ ሲዋሽብኝ የሆነ ስህተት አለ አልኩ። አንቺ ስትፈርሚ ግን፣ እኔ ራሴ ቀጥዬው ይሆን እንዴ አልኩ። ሌሊቱን ሙሉ እጄን ሳየው አደርኩ።»

ይቅርታ የሚለው ቃል ያነሰባት መሰላትና ሳትለው ቀረች። ስፖኪዮ አባቷን ከከዳው እሷ ይህን ሰው የከዳችው አይተናነስም፤ ልዩነቱ ይህኛው በሕይወት ቆሞ እያያት መሆኑ ነው። ስለ ቀለበቱ፣ ስለ ሠርጉ፣ ስለ እናቱ መናገር ጀመረች፤ ቃላቱ ተምታቱባት።

እጁን አነሳና አስቆማት።

«ስለ ሠርግ አሁን አታንሺብኝ። ልመልስልሽ አልችልም። ሰውየው ልጄ ይሉኝ ነበር፤ ሲቀበሩ አልነበርኩም። ገዳይ ተብዬ ታስሬ አላለቀስኩላቸውም። መጀመሪያ መቃብራቸውን አሳዪኝ።»

እሷ ነጠላዋን አስተካከለችና ቀድማ ወጣች። እሱ ክር በሌለው ጫማው ከኋላዋ ተከተላት። መቃብሩ ጋ ሲደርሱ ትኩስ አፈሩ ላይ ተንበርክኮ፣ ሳምንቱን ሙሉ የታገደውን ልቅሶ ድምፁን ከፍ አድርጎ አለቀሰ። ፍሬን አጠገቡ መቀመጥ ፈለገች። ቁጭ በይ እንዲላት ጠበቀች፤ እሱ ግን አልጋበዛትም። እሷም ልጃቸው ሆና ሳለ፣ ለአባቷ ለማልቀስ ፈቃዱን እየጠበቀች፣ ራቅ ብላ ቆመች።